ዶሮ ቤት የከረመው ራጅ

እኔ ወሬ አላበዛም። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ እግዚአብሔር የመደበልኝን ቃል እዚያው ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ተመስገን» እላለሁ፤ በቃ። ልጅ ሲታመም ተመስገን፣ ልጅ ሲድን ተመስገን። አንድ ክረምት ነፋስ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስደው ጎረቤታችን ሮጦ መጥቶ «ምን ሆናችሁ?» ቢለኝ፣ ዝናቡ አናቴ ላይ እየወረደ «ተመስገን፣ ደህና ነን» አልኩት። አምኖኝ ተመልሶ ገባ። የልጆቼ አባት ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ይህችው አንዲት ቃል ሁለት እጄን ልታሳጣኝ ምንም አልቀራትም ነበር። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። አጭር አደርገዋለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት፤ ግን መንገዱ ከቢቸና እስከ ሞጣ ነው፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሰው አለ፤ ሰው ካለ አጭር ነገር የለም።

የጀመረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። አንጓ አንጓቸው አብጦ፣ የሌላ ሰው እጅ ተሳስቶ የተሰጠኝ መሰለኝ። የቀሚሴን ቁልፍ ለመቆለፍ እስከ ረፋድ መጠበቅ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ብርድ ነው ያለ አለ፤ ቁርጥማት ነው ያለ አለ፤ «ጠመኔው ነው፣ ሠላሳ ዓመት የጨበጥሽው ጠመኔ ነው» ያለችኝም አለች። ነጭ ሽንኩርት ተቀባሁ፣ ድመቷ ሸሸችኝ። ማር ተቀባሁ፣ ንብ ተከተለኝ። ጠበል ገባሁ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈው፤ «ሐኪምም ይይሽ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» ያሉኝም እዚያው ጠበሉ ቦታ ያሉት አባት ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እንዲህ ሆኖ ሞጣ ደረስኩ። ሞጣ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ፣ በወር አንድ ዓርብ፣ የመገጣጠሚያ ሐኪም ይመጣል። ዶክተር ጀማል ይባላል፤ ወሎዬ ነው፤ በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ ያንሳል። እጄን እያገላበጠ አይቶ፣ ራጅ አስነስቶ፣ ደሜን አስመርምሮ፣ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ይህ ብርድ አይደለም። ሰውነትዎን የሚጠብቀው ዘበኛ ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው እየደበደበ ነው። መገጣጠሚያዎ የተቆጣው ለዚያ ነው። ካላበረድነው አጥንቱን ይበላል፣ ጣቱን ያጣምማል። የተጣመመ ደግሞ አይመለስም።»

አክስቴ ትዝ አለችኝ። ነፍሷን ይማርና፣ ጣቶቿ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ስለነበር ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ነበር የምታማትበው። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቧ ስቆም ያቺ እጅ ከግንባሯ እስክትደርስ ካህኑ ሌላ ጸሎት ይጀምሩ ነበር። እንግዲህ እኔም ወደዚያው ነው ብዬ ፈራሁ። ለዶክተሩ ግን ምንም አላልኩ። ክኒኑን ተቀበልኩ፣ መረቅኩት፣ ወጣሁ። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ነው፤ እንዳልረሳው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አደረግኩት።

ዓመት አለፈ። አንድ ጊዜ ስሄድ እንዲህ አለኝ፦ «በሚቀጥለው ሲመጡ የአምናውን የእጅዎን ራጅ ይዘው ይምጡ። አዲስ እናነሳና አስተያያቸዋለሁ። አጥንቱ እየተበላ ከሆነ መድኃኒቱን እንጨምራለን፤ ደህና ከሆነ እንቀንሳለን። በእሱ ነው የምንወስነው።»

እቤት ገብቼ ራጁን ብፈልግ የለም። ከቁም ሣጥኑ ላይ የለም፣ ከአልጋው ሥር የለም። የልጆቼ አባት የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ በዚህ ቤት የጠፋ ዕቃ ሲኖር የሚጠየቀው እሱ ነው።

«የእጄ ራጅ የት አለ?» አልኩት።

«የትኛው?»

«ሁለቱ እጄ ያለበት ነዋ።»

ዝም አለ። የልጆቼ አባት ዝም ካለ ዕቃው ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው።

«አልጣልኩትም» አለ በመጨረሻ። «ንብረት አይጣልም።»

«የት አለ?»

«ዶሮ ቤት።»

ሄጄ አየሁ። የዶሮ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ከኋላው እየመታው፣ ሁለት እጄ ከነአጥንቱ ተዘርግቷል። አንዲት ቀይ ዶሮ ከሥሩ እንቁላል ታቅፋለች።

«መስታወት ገዝቼ ላስገባ ነበር» አለ ከኋላዬ ቆሞ። «ከዚህ የሚሻል ግን የለም። ብርሃን ያሳልፋል፣ ዝናብ አያስገባም። እንቁላል የምትሰርቀው ሽልምልሚት ደግሞ ይህን አጥንት ስታይ ትደነግጣለች። ይህ ከተለጠፈ ወዲህ አንድ እንቁላል አልጠፋም።»

«መሃሉን ለምን መታኸው?» አልኩት። በአራቱ ማዕዘን አራት ሚስማር አለ፤ እሱ ይሁን። በሁለቱ መዳፎቼ ላይ ደግሞ አንድ አንድ ሚስማር አለ።

«ነፋስ እያንጓጓው አስቸገረኛ። ግን አጥንቱን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ነው። እይው፣ አንድም አጥንት አልነካሁም።»

እውነቱን ነው። አንድም አልነካም። ሚስማሩን ነቅሎ ሲያወርደው እኔ ልቀበል እጄን ብዘረጋ፣ የታቀፈችው ዶሮ ተነስታ እውነተኛውን እጄን በምንቃሯ ወጋችኝ። የሥዕሉ እጅ መጋረጃዋ ነበር፤ የኔ እጅ ሌባዋ ነው። ራጁን በሳሙና አጠብኩት። የዶሮውን ነገር ሁሉ አስለቀቅኩ፤ ቀዳዳዎቹን ግን ምን ላድርጋቸው?

ቀጠሮው ደረሰ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ በማግስቱ ነበር፤ ተመስገን። አብራኝ የምትሄደው የመጨረሻ ልጄ ማስተዋል ናት። ማስተዋል በቃል አባቷን ነው የወጣችው፤ አትቆጥብም። ባለፈው ሐኪሙ ፊት «ልብስ መጭመቅ አቅቷታል፣ ማሰሮ ከእጇ ይወድቃል» ብላ ጉዴን ሁሉ ስትዘረግፈው አፍሬ ነበር። ሰውዬው ለፍቶ መድኃኒት ሲሰጠኝ «አልዳንኩም» ማለት ድካሙን መካድ መሰለኝ። ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ ያዝኳት።

«ሐኪሙ ፊት ስለ እኔ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። በሥላሴ ገዝቼሻለሁ።»

«ኧረ እማዬ! ታዲያ ለምንድን ነው የምሄደው?»

«ልትደግፊኝ። ገዝቻለሁ።»

ግዝት ግዝት ነው፤ ልጄ አትጥሰውም። አኩርፋ ቦርሳዋን አነሳች። የማታውቀው ሌላም ነገር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው፣ እኔም ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ እጄን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌዋለሁ፤ ቫዝሊን ቀብቼዋለሁ፤ ጎረቤቴ የሰጠችኝን ማስታገሻ ሁለት ፍሬ ውጬ፣ ላይጠቅም ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ጨምሬበታለሁ። ሐኪም ፊት ያበጠ እጅ ይዞ መቅረብ ነውር መስሎኝ ነው። አሁን ስጽፈው ራሴንም ያስቀኛል።

ሚኒባስ ውስጥ ራጁን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የከብት መድኃኒት ነጋዴ ነበር።

«እማማ፣ ምን ይዘዋል?»

«ራጅ።»

«እስቲ ልየው፤ እኔ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ» ብሎ ከጭኔ ላይ አነሳና መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ከኋላና ከፊት ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ነጋዴው አየ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አልዋሽዎትም፣ ከብት ቢሆን ኖሮ ሳይከሳ ይሸጥ ነበር የምልዎት።»

«አንተ! እናቴን ነው በሬ የምትላት?» አለች ማስተዋል። ግዝቱ ለሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ እዚህ አፏ ነፃ ነው።

«ምሳሌ ነው እህቴ፣ ምሳሌ!»

ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ፣ መዳፋቸው ተበስቷል! በሽታው በስቶ ወጥቷል!» ብላ ጮኸች። ሌላው ሰው «አይ፣ ይኼ ጥይት ነው» አለ። ከየት ጀምሬ ልናገር? ስለ ነፋሱ ልናገር፣ ስለ እንቁላሉ?

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆሞ አንዲት እማሆይ ገቡ። ነጋዴው ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ራጁን ግን ገና መስኮቱ ላይ እንደያዘው ነበር። የረፋድ ፀሐይ ከኋላው ታበራለች። እማሆይ ቀና ቢሉ፣ ሁለት የተዘረጉ እጆች፣ በየመዳፋቸው የሚስማር ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥ ብርሃን ያያሉ።

መቋሚያቸውን ለማስተዋል ሰጥተው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት።

የፊተኛው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶ ሙዚቃውን አጠፋ። ነጋዴው ራሱ፣ ምን እንደያዘ እያወቀ፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው።

እኔ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ የጌታዬን ችንካር ያሰብኩት በስቅለት ቀን፣ በስግደት፣ በፍርሃት ነው። አሁን ደግሞ ዶሮ ቤት የከረመ የእጄን አጥንት ለመሳለም ሰው ተራ መያዝ ጀምሯል። መናገር አለብኝ። ማስተዋልን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አስገብታ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ግንደወይን እስክንደርስ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ያናገሩኝ እማሆይ ናቸው።

«ልጄ፣ ከየትኛው ገዳም ነው ያመጣሽው?»

መዋሸት አልችልም። «ከዶሮ ቤት ነው፣ እማሆይ» አልኩ። «የኔ እጅ ነው። ሚስማሩን የመታው የልጆቼ አባት ነው፣ ነፋስ እንዳያንጓጓው።»

ነጋዴው በሳቅ ፈነዳ፤ ሚኒባሱ ሁሉ ተከተለው፤ ሾፌሩ ከሳቁ ብዛት መንገድ ዳር አቆመ። እማሆይ አፋቸውን በኩታቸው ጠርገው፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ።

«ይሁን» አሉኝ እጄን እየዳበሱ። «አንዴ ተሳልሜዋለሁና እንግዲህ መዳኑ ግድ ነው። በከንቱ አላሳለምሽኝም!»

ሞጣ ደረስን። አዲስ ራጅ ተነሳሁ። ዶክተር ጀማል ሁለቱን ጎን ለጎን በብርሃን ሰሌዳው ላይ ሰቅሎ ሲያይ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ በአምናው ላይ መዳፍዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ሚስማር ነው።»

«ሚስማር?»

«የልጆቼ አባት ነው የመታው።»

ብዕሩን ጣለ። «ባለቤትዎ እጅዎ ላይ ሚስማር መታ?»

ወደ ማስተዋል ዞረ። ማስተዋል ግዝት ላይ ናት፤ አፏን በእጇ ይዛ ራሷን ላይ ታች ነቀነቀች።

«እጄን አይደለም» አልኩ ቶሎ ብዬ፤ «ራጁን ነው።» አብራራሁለት። በአራት ቃል አበቃሁ፦ ነፋስ፣ መስኮት፣ ዶሮ፣ ሽልምልሚት። እንደምንም ገባው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ሕመምዎ ስንት ነው? ዜሮ ማለት ምንም አያመኝም ነው፤ ዐሥር ማለት ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻ ሕመም።»

«ተመስገን።»

«ቁጥር ይንገሩኝ፣ እማማ።»

አሰብኩ። የመጨረሻው ሕመም የማን ነው? የሰማዕታት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ተፈጭቶ ተበትኗል፤ ዐሥር የሚገባው ለሱ ነው። እሱ ዐሥር ከሆነ እኔ የቀሚሴ ቁልፍ አልቆለፍ ያለኝ ስንት ልሆን ነው?

«አንድ» አልኩ። እሱም በዝቶብኝ።

«ጠዋት ጠዋት ይተሳሰራል?»

«ይፈታል» አልኩ። ይፈታል እኮ፤ ሲረፍድ።

ጣቶቼን አንድ በአንድ ተጫነ። «እዚህ ያማል?» ሲለኝ ዓይኔ ውሃ ሞላ፤ «ተመስገን» አልኩ። ዕብጠቱ ደግሞ በሙቁ ውሃና በማስታገሻው ጎድሎ ነበር። ዶክተሩ ራጁን ደግሞ አየ። «በራጁ ብዙ የጎላ ለውጥ አይታየኝም» አለ። «ጥሩ ነው፣ እማማ። እንዲህ ደህና ከሆኑ መድኃኒቱን ልንቀንሰው እንችላለን» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ደስ አለኝ። ለሱ ደስ አለኝ፤ ልፋቱ ፍሬ አፈራ ብዬ። ማስተዋል ግን ተነሳች። ቦርሳዋን ከፍታ የታሸገ የፕላስቲክ ውሃ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ውሃ ጠጪ።»

አየኋት። አየችኝ። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ግዝቱን አልጣሰችም። እንዲህ ያለ ክዳን መክፈት ካቃተኝ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

«ዓርብ ነው፣ ጾም ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ለኔ ክፈቺልኝ፤ እኔ እጄን ቆርጦኛል።»

ዶክተር ጀማል ቀና አለ። ያዝኩት ክዳኑን። አዞርኩ፤ ጣቴ ዞረ፣ ክዳኑ ቆመ። በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩት። በጉልበቴ መሃል አደረግኩት። ወደ ጥርሴ ሳስጠጋው ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አንድ ነው ያሉኝ፣ እማማ?»

«ክዳኑ ነው የጠበቀው» አልኩ።

ጠርሙሱን ወስዶ በሁለት ጣቱ ከፍቶ ለማስተዋል ሰጣት። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«እናቴ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ፣ ‹እንዴት ነሽ?› ስላት ‹አልሐምዱሊላህ› አለችኝ። ሐኪም ልጇን! እኔም አምኜ ሥራ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ካሁን በኋላ እርስዎን አልጠይቅም። እጅዎን ነው የምጠይቀው። ወደ አልትራሳውንዱ ይሂዱ።»

አልትራሳውንዱ ሌላ ክፍል ነው። በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር በነፍሰ ጡሮች ሞልቷል። መሃላቸው ተቀመጥኩ፤ እኔ፣ ስድሳን የተሻገርኩ ሴት። ሁሉም አዩኝ፤ ከዚያ ሆዴን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

አንዷ ደፈረች። «እማማ፣ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ስለ ሕመሜ የጠየቀችኝ መስሎኝ «ሁለት ዓመት አለፈኝ» አልኳት።

«በስመ አብ!» ብላ ሁለቱን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ሌላዋ ደግሞ «ሳራስ በእርጅናዋ አልወለደች? ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል!» አለች። ማስተዋል ልታስረዳቸው ብትሞክር ሳቅ አላናግር አላት። ከመሃላቸው አንዷ የቢቸና ሰው ኖራለች፤ ከሰዓት በኋላ የልጆቼ አባት ደውሎ «ኧረ ምንድን ነው የምሰማው?» አለኝ። ይህን ግን እንለፈው።

ገባሁ። ዶክተሩ እንደ ቀዘቀዘ የእንቁላል ነጭ የሚያሙለጨልጭ ነገር እጄ ላይ ቀብቶ፣ መሣሪያውን በየአንጓዬ ላይ ቀስ እያደረገ አስኬደው። ማሽኑ ሆድን ብቻ የሚያይ ነበር የሚመስለኝ፤ ጣትንም ያያል። በማሽኑ መስኮት ላይ ነጭ መስመር መጣ። «ይህ አጥንትዎ ነው» አለኝ። ከነጩ በላይ ጥቁር ነገር ተንጣሏል። «ይህ ሊኖር የማይገባ ውሃ ነው።» አንድ ነገር ሲጫን በጥቁሩ ውስጥ ቀይና ብርቱካንማ ነገር ብልጭ ድርግም አለ፣ በነፋስ እንደሚነቃ ፍም።

ሌላው አንጓ ላይ አደረገ፤ እዚያም ፍም። አውራ ጣቴ ላይ፤ እዚያም። በሌባ ጣቴ ላይ ሲደርስ አቆመና አንዲት ትንሽ የተሸረፈች ቦታ አሳየኝ፤ አይጥ ጠርዙን የነካችው ዳቦ ይመስላል።

«እማማ» አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ «ቀዩ የደም ሩጫ ነው። ቁጣው አልበረደም፤ እየነደደ ነው። ይህቺ ደግሞ አጥንቱ መበላት መጀመሩን ነው የምታሳየው፤ ራጁ ገና ያላየው ነው። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ልቀንስ እየጻፍኩ ነበር። ቀንሼው ቢሆን ኖሮ ስድስት ወር ሳይሞላ…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አያስፈልገውም። የአክስቴ እጅ ፊቴ ላይ መጣ፣ ግራዋ ቀኟን ደግፋ፣ ከደረቷ ወደ ግንባሯ ስትወጣ። ዘበኛው ብቻ አልነበረም የቤቱን ሰው የሚደበድበው፤ እኔም በሩን ከውስጥ ዘግቼ «ደህና ነን» እል ነበር።

«ዛሬ ማስታገሻ ወስደዋል?» አለኝ።

«ሦስት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝም፣ ልጄ።»

ማስተዋል ከጥግ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ። «እማዬ፣ ልናገር?»

«ተናገሪ» አልኳት። «ፈትቼሻለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ግድብ ሲፈርስ አይተህ ታውቃለህ? ጠዋት ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ፣ በር በክንዴ እንደምከፍት፣ ጧፍ በሁለት እጄ እንደምይዝ፣ ጎሕ ሲቀድ እጄን ስዘፈዝፍ መጋረጃ ውስጥ ሆና እንዳየችኝ፣ ሁሉን ዘረገፈችው፤ ለካ አይታኛለች። ዶክተሩ ሁሉን ጻፈው። እጁን አመመው መሰለኝ ሁለት ጊዜ አራገፈው። አንዱን ወረቀት ቀደደ፣ መቀነስ የሚለውን፤ አዲስ ጻፈ። የእሑዱን ክኒን መጠን ከፍ አደረገው፣ ሌላ ዓይነትም ጨመረበት፣ ደሜን በየወሩ እንድመረመር አዘዘ። «በአራት ወር ውስጥ ፍሙ ካልጠፋ በመርፌ ወደሚሰጠው ጠንካራ መድኃኒት ነው የምንሄደው» አለኝ። መርፌው ባሕር ዳር ነው፤ የሚገኘው ሲገኝ ነው። እሱን እግዚአብሔር አያድርስብኝ ብዬ ወጣሁ።

ልቤ ግን አላረፈም። ሕመምን መናገር ማማረር አይደለም ወይ? ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከኔ የባሱ ቁጥብ ናቸው። «ልጄ፣ ጌታ ያውቃል፤ ሐኪሙ ግን ካልነገሩት አያውቅም» አሉኝ። ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ፦ በየማታው ማስተዋል «እንዴት ነሽ?» ትለኛለች፣ እኔም ከአንገቴ እስከ ጣቴ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከስግደት የከበደ ነበር። «ቀኝ አንጓዬ አመመኝ» ስል የሰረቅኩ ይመስለኝ ነበር። ማስተዋል ትጽፋለች፤ አባቷ ይሰማና «ይህ ሁሉ ኖሮ ነው ዝም ስትይኝ የኖርሽው?» ይላል። አንድ ማታ ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ በያንዳንዱ የቤታችን በር ላይ፣ በክንድ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት የእንጨት መወርወሪያ ሠርቶ ገጥሞ ጨርሷል። እኔም በልቤ መረቅኩት።

አራተኛው ወር ሞላ፤ ሞጣ ሄድን። ማስታገሻ አልወሰድኩም፣ እጄን አልዘፈዘፍኩም፤ እጄን እንዳለ ይዤ ሄድኩ። ዶክተር ጀማል «እንዴት ነዎት?» አለኝና ፈጥኖ ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አወረደ፤ መልሴን የሚያውቅ መስሎት።

«ጠዋት ስነሳ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይይዘኛል» አልኩት። «ድሮ እስከ ረፋድ ነበር። የግራ ትንሿ ጣቴ አሁንም ታመኛለች፤ ዝናብ ሲሆን ይብስባታል። ቀኙ ሦስት አራት ቀን ምንም አላለኝም። አዲሱ ክኒን መጀመሪያ ሆዴን አገላበጠኝ፣ አሁን ለመደኝ። ጸጉሬ ትንሽ ይነቀላል። ማሰሮ ካነሳሁ…»

አስራ አምስት ደቂቃ ተናገርኩ። በሠላሳ ዓመት ማስተማሬ እንኳ እንዲህ ያለ ትምህርት አልሰጠሁም። ደጅ ያለ በሽተኛ ሁለት ጊዜ በር አንኳኳ። ዶክተሩ ብዕሩን ይዞ ተደንቆ ያየኛል።

«ጨረሱ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም፤ ግን ሰው ይጠብቃል።»

አልትራሳውንዱ ጋ ወሰደኝ። ቀባ፣ አስኬደው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ጸሎቴን ስጨርስ ገለጥኩት። ነጩ መስመር አለ። ጥቁሩ ውሃ ሳስቷል። ፍሙን ፈለግኩት፤ በግራ ትንሿ ጣቴ ላይ ብቻ አንዲት ብልጭታ። ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው፣ መልካም ጨለማ። የተሸረፈችውም ቦታ አልሰፋችም።

«ያሉኝን ነው ያሳየኝ» አለ። «አንድ በአንድ፣ የነገሩኝን። መርፌው አያስፈልግም። መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥል፤ እንዲህ ከቆየ ቀስ ብለን መቀነሱን ያን ጊዜ እናስባለን።»

ማስተዋል አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ስወጣ ዶክተሩ እንደ ልማዱ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ሰላም ሲለኝ እጁን ዘርግቶልኝ አያውቅም፤ ያመኛል ብሎ። እጄን ዘረጋሁለት። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ እንደ እንቁላል፣ ያዘኝ።

ጨበጥኩት። ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲታጠፉ፣ እጁን ሲከቡት ተሰማኝ።

«ውይ፣ ቀስ፣ እማማ!» አለ እየሳቀ። «እኔም የምሠራው በዚሁ እጅ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ግን ወዲያው አልለቀቅኩትም።